የጋኑ መገንፈል፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጠንካራ ጠላና የጠጅ ፍላት አያያዝ

በአዳማ፣ በቀድሞ ስሟ በናዝሬት፣ የፋሲካ ጠላ የሚጠመቀው ዓመቱ እጅግ በሚሞቅበት ወቅት ነው። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጥንስሱ ይጠነሰሳል፤ የቀኑ ሙቀት በዚያን ጊዜ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ከደጋ የመጣች ጠማቂ በአገሯ የለመደችውን ልክና ቀን ሳታዛንፍ ብትከተል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ድፍድፉ ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ታገኘዋለች። ጥፋቱ ከሙያ ጉድለት የመጣ አይደለም። ሙያው የተቀመረው ለሌላ የአየር ጠባይ በመሆኑ ነው።

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ጋር ስትነጻጸር በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ይህም በአማካይ የ5 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ያመጣል። ባቱ (ዝዋይ) እና መቂ ከአዳማ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ሲኖራቸው፣ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዳ የምትገኘው መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ በዚያ በሞቃት ወራት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። የእርሾ የሥራ ፍጥነት፣ እርሾው በሚችለው ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በደጋ በስድስት ቀን የሚከናወነው ፍላት በቆላ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ተጣድፎ ያልቃል። ጋዙም፣ አረፋውም፣ ሙቀቱም የሚወጣው በዚያው ልክ በተጨመቀ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ለቤተሰብ መሰናዶ ብቻ ቢሆን ኖሮ የፈሰሰውን ጠርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጠላ፣ ጠጅና አረቄ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ናቸው። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጠላውን «ፋርሶ»፣ ጠጁን «ዳዲ» ይለዋል፤ አርሲ ነጌሌ ደግሞ በአረቄዋ አገር ያወቃት ከተማ ናት። አንድ ጋን ድፍድፍ ሲገነፍል የሚጠፋው ብቅል፣ ጌሾ፣ ማገዶና የሳምንት ድካም ነው። ከገንዘብ ኪሳራው በላይ የሚያሳስብም አለ፤ በጥብቅ የተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ይፈነዳል፣ አየር በማይገባበት ክፍል የተጠራቀመ ጋዝም ሰው ይገድላል።

የጋዙ ልክ

ፍላት የሚያመነጨውን ጋዝ መጠን በግምት ማወቅ ቀላል ነው። እርሾ 180 ግራም ግሉኮስ ሲበላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ከስኳሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል ማለት ነው። 4 ኪሎ ማር በ14 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ጠጅ ቢጣል፣ ከማሩ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ስለሆነ 3.2 ኪሎ ስኳር አለ። ይህ ሁሉ ቢፈላ 1.5 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ በባሕር ጠለል ደረጃ ቢለካ ይዞታው 870 ሊትር አካባቢ ይሆን ነበር፤ የአየር ግፊቱ አንድ አምስተኛ ያህል በሚያንስበት በአዳማ ግን ከ1,000 ሊትር ይበልጣል። 17 ሊትር ብርዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስድሳ እጥፍ የሚሆነውን ጋዝ ይተነፍሳል። ጠላ ስኳሩ ያነሰ በመሆኑ በሊትር የሚወጣው ጋዝ ያንሳል፤ ነገር ግን ድፍድፉ ወፍራም ነው፤ ዱቄቱ፣ እንኩሮውና የጌሾው ስብርባሪ ጋዙን አምቀው ይይዙትና እንደ ሊጥ ይነፋሉ። የሚገነፍለው ይህ የተነፋው ክፍል ነው።

ሙቀቱም እንዲሁ ይሰላል። አንድ ኪሎ ስኳር ሲፈላ 590 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። ከላይ የተጠቀሰው ጠጅ በድምሩ 1,900 ኪሎ ጁል ገደማ ያመነጫል፤ ከዚህ ሙቀት ምንም ባይባክን የጠጁን ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ ከፍ ለማድረግ ይበቃል። በእውኑ ዓለም ሙቀቱ በዕቃው ገጽ በኩል ይወጣል፤ ምን ያህል እንደሚወጣ ግን የዕቃው ስፋትና ዓይነት ይወስነዋል። የጋን ቁመትና ወርድ እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ፈሳሽ ስምንት እጥፍ፣ ሙቀት የሚያወጣበት ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። በእንስራ ሰላማዊ የነበረ ጥምቅ በ100 ሊትር በርሜል ሲደረግ የሚቀጣጠለው ስለዚህ ነው። ለሽያጭ ማምረት የጀመሩ ቤቶች መጀመሪያ የሚገጥማቸውም ችግር ይኸው ነው።

ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚከተለው ጉዳት ወለል ላይ ከሚፈሰው የከፋ ሊሆን ይችላል። የጠላና የጠጅ ዋና እርሾ የሆነው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ ከ30 ዲግሪ በላይ ፈጥኖ ቢሠራም፣ ፊውዝል የሚባሉትን ከባድ አልኮሎች ያበዛል፤ መጠጡም የሚያቃጥልና ሽታው ቀለምን የሚመስል ይሆናል። ጠጪዎች «ራስ ይመታል» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ለራስ ምታቱ ዋናው ተጠያቂ የጠጡት አልኮል ብዛት መሆኑ ሳይዘነጋ። ሙቀቱ ወደ 40 ሲጠጋና አልኮሉ እየበዛ ሲሄድ እርሾው ይዳከማል፣ ስኳሩን ሳይጨርስም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሜዳው የባክቴሪያዎች ነው። ሳሙኤል ሳህሌና ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት ስለ ጠላ ረቂቅ ሕዋሳት ባሳተሙት ጥናት፣ በጠላ ፍላት እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው እንደሚሳተፉ፣ ኋላም አየር ባገኘ ጠላ ውስጥ የአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች እንደሚበረቱ አመልክተዋል። ጠላው «ኮመጠጠ» የሚባለው ያኔ ነው።

ነባሩ አሠራር የሚያውቀው

ብዙ ጊዜ በዘመናዊ ጽሑፎች ባህላዊው አጠማመቅ ቁጥጥር የሌለበት ተደርጎ ይገለጻል። ቅደም ተከተሉን በጥንቃቄ የሚመለከት ግን ሌላ ነገር ያያል። ጠላ አንድ ጊዜ አይጠመቅም። መጀመሪያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በጥቂት ውኃ በታጠነ ጋን ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ብቅልና ቂጣ ተጨምሮ ጥንስስ ይሆናል፤ ጥንስሱ ሲነሣ እንኩሮው፣ የቀረው ብቅልና የጌሾ እንጨት ገብቶ ድፍድፍ ይባላል፤ በመጨረሻ ውኃ ይሞላና ይከደናል። የዝርዝሩ አፈጻጸም ከቤት ቤት ቢለያይም አካሄዱ አንድ ነው፤ ምግቡ ለእርሾው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ይቀርብለታል። በፋብሪካ የእርሾ ምርት ስኳሩ ቀስ በቀስ የሚንጠባጠብበት ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየተራ የሚቀርብ ምግብ የጋዙንና የሙቀቱን ጫፍ ዝቅ ያደርጋል፣ እርሾውም በብዛት ከበረታ በኋላ ዋናውን ሸክም እንዲቀበል ያስችላል።

ጌሾም ከመራራነቱ ባሻገር ድርሻ አለው። ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት ከቅጠሉ ለይተው ያወጡትን መራራ ውሁድ «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። ጌሾ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ስለሚገታ፣ እርሾው ቀድሞ ቦታ እንዲይዝ ያግዛል። ጋኑን በግራዋ ማጠብና በወይራ ጭስ ማጠንም ከዚሁ ወገን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሳይነገርለት የቀረው የሸክላው ውለታ ነው። ያልተቀባ ሸክላ ያዛል፤ ላቡ በነፋስ ሲተን ዕቃውን ያቀዘቅዘዋል። አንድ ሊትር ውኃ ለመትነን 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ይወስዳል። ይህ ቁጥር ከላይ ካለው ጋር ቢተያይ፣ ያ 17 ሊትር ጠጅ በፍላቱ ዘመን ሁሉ የሚያመነጨው ሙቀት ከአንድ ሊትር ያነሰ ውኃ በማትነን ሊወገድ ይችላል። የጋን ዋጋ መወደድና የፕላስቲክ በርሜል መርከስ በከተሞቹ ሸክላውን እየተካው ሄዷል። በርሜል አይሰበርም፣ ለመታጠብ ይቀላል፣ ለማጓጓዝም ይመቻል፤ ይሁን እንጂ አያልብም፣ ጭስም አይቀበልም፣ ክዳኑም እንደ ጭቃ ምርጊት ስንጥቅ አበጅቶ ጋዙን አያስተነፍስም። ዕቃው ሲለወጥ የዕቃው ሥራ የነበረው ሁሉ በጠማቂዋ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ፈጥኖ የሚያፈላ ጭማሪ

በቅርብ ዓመታት ሌላ ለውጥ ታክሏል። ፊልተር የሚባለው ውኃው ያነሰ፣ በጨርቅ የተጠለለ ጠንካራ ጠላ ተፈላጊ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቤቶች የዳቦ እርሾና ስኳር ይጨመርበታል። በጠጅም ማር በስኳር መተካቱ የታወቀ ነው፤ ወንጂ ከአዳማ አፍንጫ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ስኳር እያመረተ የኖረ በመሆኑ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከብቅል የሚገኘው ስኳር ስታርቹ እየተሰባበረ በዝግታ ይወጣል፤ የተበጠበጠ ስኳር ግን ወዲያው ለእርሾው ገበታ ነው። በዚያ ላይ የዳቦ እርሾ የተመረጠው ሊጥ ፈጥኖ እንዲነፋ፣ ማለትም ጋዝ ፈጥኖ እንዲያወጣ ነው። ሁለቱ በአንድነት በ30 ዲግሪ ሲገናኙ ጋኑ መገንፈሉ አይቀሬ ነው። ችኮላው የሚጠይቀው ሌላም ዋጋ አለ፤ ስኳር ለእርሾው ናይትሮጅንና ማዕድን አይሰጥም፤ ማርም በዚህ በኩል ድኻ ነው፤ ስለዚህ በጉልበት የተነሣው ፍላት መሀል ላይ ደክሞ ይቆማል።

በቀለ ባሕሩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ ጠጅ ኬሚካዊ ይዘት ባሳተሙት ጥናት የአልኮል መጠኑ ከቤት ወደ ቤት፣ በአንድ ቤትም ከጊዜ ወደ ጊዜ በሰፊው እንደሚለያይ አሳይተዋል። ለዚህ ልዩነት የማሩና የውኃው ልክ ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም። አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውኃ ሲበጠበጥ በሊትር 190 ግራም ገደማ ስኳር ይኖረዋል፤ በሦስት እጅ ውኃ ከሆነ ግን ወደ 280 ግራም ይወጣል። የኋለኛው እርሾውን ከመነሻው ያስጨንቀዋል፣ ከፈላም ሙቀቱ ይበዛል።

በእጅ ያሉ መላዎች

ፍላትን ለመግራት የማቀዝቀዣ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። በርሜሉን ውኃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ አቁሞ በረጠበ ጆንያ መጠቅለል፣ የጆንያውን ጫፍ ከውኃው ውስጥ መተው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ማቆየት የሸክላውን ላብ ይመልሳል። ዘዴው የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በአዳማ ሞቃቱ ወቅት በአብዛኛው ደረቅ ነው፤ ክረምቱ እርጥብ ቢሆንም ቀዝቀዝ ይላል። ነፋሱማ በከተማዋ ዙሪያ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎችን ያስተከለ ነፋስ ነው፤ አንድ ጆንያ ማድረቅ አያቅተውም።

ጊዜም መሣሪያ ነው። ድፍድፉ ፀሐይ ስትጠልቅ ቢደፈደፍ የመጀመሪያው ግለት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ያልፋል። ትልቅ በርሜል ከመሙላት ይልቅ ጥምቁን ለሁለትና ለሦስት ዕቃ መክፈል ሙቀቱ የሚወጣበትን ገጽ ያሰፋል፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይተርፋል። ጠንካራ ጠጅ ሲጣል ማሩን በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ከመበጥበጥ ግማሹን አስቀርቶ በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መጨመር፣ ጠላው ከጥንት የሚያውቀውን ተራ ለጠጁ ማበደር ነው። ፊልተር የሚጠምቁም ስኳር መጨመራቸው ካልቀረ በዚሁ መንገድ ቢያደርጉት ይሻላል።

ከዕቃው ውስጥ ቢያንስ ሢሶው ባዶ መቅረት አለበት፤ ለወፍራም ድፍድፍ ከዚያም ቢበልጥ አይከፋም። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማማሰሉ አኳኋን ነው። በሚፈላ ጥምቅ ውስጥ ከልኩ ያለፈ ጋዝ ሟሙቶ ይገኛል፤ ደረቅ ዱቄት ወይም ስኳር በድንገት ሲበተንበት እያንዳንዱ ቅንጣት የአረፋ መነሻ ይሆንና ጋዙ ባንድ ጊዜ ይፈነቅላል። የሚጨመረው ነገር አስቀድሞ በውኃ ተለውሶ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቀድሞ ቀስ ብሎ ጋዙን ካስተነፈሱት በኋላ ሊገባ ይገባል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈውን የድፍድፍ ቆብም በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ታች መመለስ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ቆቡ ከታች ካለው ይልቅ ይሞቃል፣ አየርም ስለሚያገኝ ኮምጣጤ ይጀምረዋል። በአርሲ ነጌሌ እንደሚደረገው ድፍድፉ ለአረቄ የታሰበ ከሆነ ቆቡ የበለጠ ይወፍራል፤ ወደ ኮምጣጤ የተለወጠ አልኮልም ተመልሶ አረቄ አይሆንም።

የስምጥ ሸለቆው ውኃ በዚህ ላይ የራሱን ጠባይ ያክላል። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ በአብዛኛው ባይካርቦኔት ስለሚበዛበት የጥምቁን አሲድነት ያዘገያል፤ ጥምቁ ቶሎ አሲድ ካልያዘ ደግሞ ለጎጂ ባክቴሪያዎች የተመቸ ጊዜ ይረዝማል። ውኃውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ዝቃጩን ትቶ መጠቀም በመጠኑ ይረዳል። ፍሎራይዱ ግን በማፍላትም በመብላላትም አይጠፋም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውኃው እየቀነሰ ፍሎራይዱ ይጠነክራል። ጥርስ በሚያበላሽ ፍሎራይድ በታወቁ ጉድጓዶች ዙሪያ ያሉ ጠማቂዎች የቧንቧ ወይም የዝናብ ውኃ ቢመርጡ የተሻለ ነው።

ክዳንና ክፍል

በፍላቱ ጊዜ የበርሜልም ሆነ የጄሪካን ክዳን ተጠብቆ ሊዘጋ አይገባም። ክዳኑን በስቶ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ማስገባትና የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ መንከር ጋዙን ያስወጣል፣ አየርና ዝንብ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የአረፋዎቹ ፍጥነትም ፍላቱ የደረሰበትን ይናገራል። አረፋው ቱቦውን እንዳይደፍነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወፈር ያለ ቱቦ መጠቀም፣ ወይም ዕቃውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ብቻ መሸፈን ይበጃል። ፍላቱ ሳያልቅ ጠጅን በብርጭቆ ጠርሙስ ሞልቶ መክደን ደግሞ አደገኛ ልማድ ነው። በሊትር 30 ግራም ስኳር የቀረው ጠጅ በጠርሙሱ ውስጥ ፈልቶ ቢጨርስ 15 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል፤ የፋብሪካ ቢራ የሚይዘው በሊትር 5 ግራም አካባቢ ነው። ለስጦታ ወደ መተሐራ በአውቶቡስ የተላከ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በመንገድ ቢፈነዳ የሚያስገርም አይሆንም።

የክፍሉ አየር ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ሽታ የለውም፣ ወለል ላይም ይተኛል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ክፍል 10,000 ሊትር አየር ይይዛል። ከላይ የተሰላው ዓይነት ሦስት ዕቃዎች ፍላታቸው በበረታበት ቀን እያንዳንዳቸው ከጋዛቸው ሢሶውን ቢያወጡ በድምሩ ከ1,000 ሊትር ይበልጣል፤ ክፍሉ ፈጽሞ ባይተነፍስ የአየሩ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። 4 በመቶ እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ ተብሎ ይመደባል፤ በ10 በመቶ ሰው ራሱን ይስታል። ማንኛውም ክፍል በበርና በቆርቆሮው ስንጥቅ ጥቂት ስለሚተነፍስ እዚህ መጠን ላይ መድረሱ ሁልጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ነገር ግን በኪራይ ጠባብ ክፍል የሚኖሩ ቤተሰቦች ጥምቁ ባለበት ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ፣ ሕፃናቱም ከሁሉ ዝቅ ብለው ይተኛሉ። ሻማ አብርቶ መፈተን አያስተማምንም፤ ነበልባሉ ሳይጠፋ ጋዙ ለሰው የሚጎዳ መጠን ላይ ሊደርስ ይችላልና።

በመሆኑም ፍላቱ በሚበረታባቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ጥምቁ ከመኝታ ክፍል ውጭ፣ በረንዳ ወይም ከላይ ብቻ በተከለለ ጥግ ቢቆይ ይመረጣል። ቦታ ከሌለ ከበሩ ሥር አየር ማለፊያ መተው ግድ ነው፤ ጋዙ የሚወጣው በዝቅታ ስለሆነ ከፍ ያለ መስኮት ብቻውን አይበቃም። ትልቅ በርሜል ለማጠብ አንገትን ወደ ውስጥ ማጎንበስም አተላው ተቀድቶ፣ ዕቃው ወደ ጎን ተጋድሞ፣ በውኃ ከተለቀለቀ በኋላ መሆን ይኖርበታል፤ በባዶ በርሜል ግርጌ የቀረ ጋዝ ዓይን አያየውም።